ሳሙና ሳሙና የሸተተው ሸሚዝ

በእኛ ሸለቆ፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ የማሪዋና ሽታ ማንንም አያስጠረጥርም። የአዝመራው ወራት ሲደርስ የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ሳይቀር ይሸታል። ሮንዳ ሄክሰል ዕድሜዋን የገፋችው የማሪዋናውን እንቡጥ በመቀስ በመከርከም ነው፤ ሽታው ከፀጉሯም፣ ከመጋረጃዋም፣ ከልጇ ከኮልተን ልብስም ለቆ አያውቅም። ስለዚህም የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ሸሚዝ ድንገት ሳሙና ሳሙና ሲሸታት ክው አለች።

ኮልተን ልብሱን ራሱ ማጠብ ጀምሯል። ሌላ እናት ብትሆን እሰየው ትል ነበር። ሮንዳ ግን ተጠራጠረች፤ እርጥቡን ቅጠል ከጭሱ የሚለይ አፍንጫ እንዳላት ልጁ አሳምሮ ያውቃል።

«አጅሬ፣ ንጽሕና የወደድከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሴት ወድጄ ይሆናላ፣ እማ።»

«ስሟ ማን ይባላል?»

ኮልተን ሸሚዙን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ኮልተን ጠሪ የነበሩት አያቱ ከሞቱ ወዲህ በሸለቆው አዳራሽ የጭፈራ ጠሪ ነው፤ «ወደ ግራ ዙሩ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ» እያለ ጨፋሪውን በዜማ የሚመራ። ሮንዳ በዚህ ልጅ የምትኮራው በዚሁ ነው።

«እስቲ የቅዳሜውን ጭፈራ ጥራልኝ» አለችው እራት ላይ።

ጀመረ፤ መሐል ላይ ቆመ። «ቀጥሎ ምን ነበር?» ብሎ ሳቀ። በሕፃንነቱ እንደ ውኃ የሚጠጣው ጥሪ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ከጤና ጣቢያው ነርስ ዘንድ ሄደች። «እኔስ በልጅነቴ ስንቱን አጭሼ የለ? ምን ሆንኩ?»

«የዛሬው ከያኔው እጅግ እንደሚበረታ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት ነርሷ። «የልጅ አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ገና እየተሠራ ነው። አዘውትሮ ሲያጨስ ትውስታውና ትኩረቱ ይታወካል። ከተወው ግን ብዙው ሊመለስ ይችላል።»

ሮንዳ ቤቷ ገብታ ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይህን ለምን አጠብከው?»

«አንቺ ስትከረክሚው ውለሽ ለኔ ሲሆን ነው ክፉ የሚሆነው?»

«እኔ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነኝ። ያንተ ግድግዳ ገና አልደረቀም።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ከትምህርት ቤት መልስ፣ በየቀኑ አጨሳለሁ» አለ። «ቅዳሜን ለሌላ ሰው ስጡት፤ እኔ አልችልም።»

የቅዳሜውን ጭፈራ ሌላ ሰው ጠራ። ሮንዳም ግድግዳውን ተደግፋ አየች፤ አልጨፈረችም።

ከወራት በኋላ፣ በጸደይ፣ ኮልተን ወደ መድረኩ ተመለሰ። አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፈ፤ ከዚያ መስመሩን አገኘውና እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ከጭፈራው መልስ ሮንዳ ከሽርጧ ጎን የተሰቀለውን ሸሚዙን አነሣች። እንደ መጋረጃው፣ እንደ እሷም፣ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ጭስ የለበትም፤ ሳሙናም የለበትም።

«እማ፣ ምን ታሸቻለሽ?»

«ምንም» አለች፤ ልጁ ዞር ሲልላትም ሌላኛውን እጅጌ አሸተተች።