ጠብ የማይሉ ባልዲዎች

ጋሽ ጠብአይል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከውሃ ጋር ሲጣሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። «ነበሩ» ሲባሉ ግን ደስ አይላቸውም፤ ጡረታ የወጣው ደሞዜ እንጂ እጄ አይደለም ብለው ይከራከራሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ቧንቧ ጠግነው ሲጨርሱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «እኔ የነካሁት ጠብ አይልም» ማለት ልማዳቸው ስለነበር፣ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ተረሳና ይኸኛው ቀረ። ደግሞም አልዋሹም። እሳቸው ያጠበቁት ቧንቧ ባለቤቱ አርጅቶ ቤቱን ልጁ እስኪወርሰው ድረስ ጠብ አይልም።

አመል ነውና በሰው ቤትም አያስቀምጣቸውም። ልጃቸው ልታገባ ስትል ከአማቾቿ ጋር ሊተዋወቁ የሄዱ ዕለት ምሳ ቀርቦ «አባትየው የት ሄዱ?» ሲባል፣ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተንጋለው ተገኙ። ልጅቷ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አማቷ ግን እስከ ዛሬ ይመርቋቸዋል።

ባለቤታቸውን ሰው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ ጋሽ ጠብአይልም ከሰው ተጋብቶባቸው እንደዚያው ነው የሚጠሯቸው። የእትዬ ዓለም አፈር ነበር። ድሮ በተከራዩት ቤት ጓሮ ቲማቲሙ፣ ካሮቱ፣ ቃሪያው፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ሎሚው ነበራቸው። ጋሽ ጠብአይል በዚያ ጓሮ የነበራቸው ሥልጣን የውሃ ጎማ መጎተት ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን «እዚያ ጋ አትርገጥ!» እየተባሉ። ቤቱ ሲሸጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገቡ። እትዬ ጓሮውን ትተው ሲወጡ አላለቀሱም፤ ዞረውም አላዩት። በስድስተኛው ወር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ወለሉ ደረቅ እንደነበር ጋሽ ጠብአይል ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። አራት ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው እላይ አደረሷቸው። እትዬ አልጋቸው ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ በዚያው ቀሩ።

በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣው ፊዚዮቴራፒስት እግራቸውን እያጠፈች እየዘረጋች ትለምናቸዋለች። «እማማ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትላለች።

«እንቁላሉ ዳሌው አልተሰበረማ» ይላሉ እትዬ ለግድግዳው።

አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ሥራዋን ጨርሳ ጋሽ ጠብአይልን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው። «አባባ፣ አጥንቱ ገጥሟል። መቆም ይችላሉ፤ ያልፈለጉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ተኝተው ከከረሙ ግን ጡንቻው ይሟሽሽና፣ ቢፈልጉም የማይችሉበት ቀን ይመጣል። ቀኑም ሩቅ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?»

«ምን ነበር የሚወዱት?»

«እኔን ነው እንዳልልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አትክልት ነው።»

«እንግዲያው እሳቸው ወደ አትክልቱ ካልሄዱ አትክልቱን ያምጡላቸው።»

ጋሽ ጠብአይል ፈሪ አይደሉም። ያን ቀን ግን ፈሩ። አርባ አንድ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ሴት ጀርባቸውን እንደሰጧቸው ሊቀሩ ነው፤ ይህን የሚያጠብቁበት መፍቻ ደግሞ ከሳጥናቸው ውስጥ የለም።

በማግስቱ መንገድ ዳር ችግኝ ወደምትሸጠው ሴት ሄዱ። ጓሮ የለኝም፣ ያለኝ አንድ አልጋ የምታህል በረንዳ ናት አሏት።

«ፀሐይ ታገኛለች?»

«ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት።»

«ታዲያ ምን ጎደለዎት? ለጀማሪ ቀላል ቀላሉን ይያዙ። ሰላጣ ቶሎ ይደርሳል፣ ልብ ያበረታል። ቲማቲም ለአንድ ባልዲ አንድ ችግኝ ብቻ ነው፤ ‹ቦታ ተርፏል› ብለው ሁለት እንዳይደርቡበት። ቃሪያ ይጨምሩ። እንጆሪም ይሞክሩ። የጓሮ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ ስለሚጠጥር ብስባሽና ትንሽ አሸዋ ቀላቅዬ እሰጥዎታለሁ። ውሃ ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። ረጥቦ ከወጣ ይተዉት፣ ደርቆ ከወጣ ያጠጡ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አንድ ነገር ብቻ አልነገረቻቸውም፤ መነገር ያለበት አልመሰላትማ። ማንስ ይመስለዋል?

ጋሽ ጠብአይል ሰባቱን የመትከያ ባልዲዎች ቤት አድርሰው በአመላቸው አንዱን ገልብጠው ሲያዩ፣ ቂጡ ላይ አምስት ቀዳዳ አገኙ። ሁለተኛውን ገለበጡ፤ አምስት። ሰባቱም ያው ናቸው። መጀመሪያ ተናደዱ፣ ቀጥሎ ለሴትዮዋ አዘኑላት። «ምስኪን፣ ብልሽት ዕቃ አሸክመዋታል» አሉ። ሊመልሱት አሰቡና ተዉት፤ እሳቸው እያሉ ቀዳዳ ምን ሊያደርግ! በዚያ ላይ ከታች ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት ልብስ የምታሰጣው ልክ ከበረንዳው ሥር ነው። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ከፍተው ሲሊኮን አወጡና ሠላሳ አምስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ደፈኑ። ሲደርቅ ባልዲዎቹን በውሃ ሞሉ፣ ከሥራቸው ጋዜጣ አነጠፉ፣ አሳደሯቸው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼኔ ነበር፤ ግን አጠገባቸው ሆኖ የሚተርትባቸው ሰው አልነበረም።

ተከሉ። የመጀመሪያው ሳምንት መልካም ነበር። ጋሽ ጠብአይል በየጠዋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዜና ያሰማሉ፤ ሰላጣው ቀና ብሏል፣ ቲማቲሙ አዲስ ቅጠል አውጥቷል ይላሉ። እትዬ «እ» ይላሉ። አንዳንድ ቀን እሱንም አይሉም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መጣ። ጋሽ ጠብአይል ጣታቸውን ሲከቱ ጭቃ ለብሳ ትወጣለች። ቅጠሉን ሲያዩት ግን ተጠምቶ የጠወለገ ይመስላል። ከጣታቸውና ከዓይናቸው ዓይናቸውን አመኑና ጨመሩበት። በጠወለገም ቁጥር ጨመሩበት። እየለመኑ ያጠጡ ነበር፤ አንድ ቲማቲም ብቻ ይያዝልኝ፣ አንድ ቲማቲም እጇ ላይ ላኑርላት ይላሉ። የሚለምኑትን ነገር በገዛ እጃቸው እያሰመጡት መሆኑን ከየት ይወቁት?

አንድ ረፋድ የበረንዳው በር ክፍት ነበር። ጋሽ ጠብአይል ባለቤታቸው የተዉትን ቁርስ ሊያነሱ ሲጎነበሱ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምኑ?»

«የሚሸተው።»

«የጎረቤት ፍሳሽ ይሆናል፤ ሄጄ ላየው።»

«ፍሳሽ አይደለም። የበሰበሰ ሥር ነው። ምን አድርገሃቸው ነው?»

«ምንም። ውሃ እያጠጣኋቸው ነው።»

«በቀን ስንቴ?»

«ጠዋትና ማታ። ሲጠወልጉ ደግሞ ቀትር ላይ ጨመርኩላቸው።»

«ውሃው ከሥር ይወጣል?»

ጋሽ ጠብአይል ቀና አሉ። በዚህ እንኳ አይታሙም። «ጠብ አይልም! አምስት አምስት ቦታ የተበሳ ነበር የሸጡልኝ። አንድም ሳልተው በሲሊኮን ደፍኜ፣ ውሃ ሞልቼ አሳድሬ ፈትሼዋለሁ።»

እትዬ ከግድግዳው ዞሩ። ጋሽ ጠብአይል የባለቤታቸውን ሙሉ ፊት ካዩ ስንት ጊዜያቸው ነበር።

«ደፈንከው?»

«ደፈንኩት።»

«ማፍሰሻውን?»

«ቀዳዳውን ነው እንጂ...»

«አንተ ሰውዬ፣ ችግኝ ዋና የሚችል መስሎህ ነው? አቀብለኝ ያን ብረት!»

«የቱን ብረት?»

«መደገፊያዬን ነዋ!»

መደገፊያው ከመጣ ጀምሮ ፎጣ ማስጫ ሆኖ ጥግ ቆሟል። ጋሽ ጠብአይል ፎጣውን የት እንደጣሉት አያስታውሱም። እትዬ ብርድ ልብሱን ገፈፉ፣ አንድ እግር አወረዱ፣ ቆዩ፣ ሁለተኛውን አወረዱ። ባላቸው ሊይዟቸው እጃቸውን ሲዘረጉ «አትንካኝ፣ አንተ የነካኸው አይተርፍም!» አሏቸው። ቆሙም። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላባቸው ይወርዳል፣ ስድባቸው አልተቋረጠም። ከአልጋው እስከ በረንዳው ብዙ አይደለም፤ ግን ሁለት ጊዜ አረፉበት። በረንዳው በር ላይ ደርሰው ባልዲ እንዲገለበጥ አዘዙ። ሲገለበጥ ጥቁር ውሃ እየተንዠቀዠቀ ወጣ፤ ሥሩ እንደተፈጨ ነገር ሆኗል።

«ገደልካቸው። ሙልጭ አድርገህ ገደልካቸው» አሉ እትዬ፤ ቀና ብለው ባላቸውን ሲያዩ ጋሽ ጠብአይል እንባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል።

«ለሰላጣ ነው እንዲህ የምታለቅሰው?»

«አዎ» አሉ ጋሽ ጠብአይል፣ በጠራራ ፀሐይ እየዋሹ።

አምላክ ሳይደግስ አይጣላም። ከሰዓት በኋላ እትዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዘዙ፣ ጋሽ ጠብአይል በመሰርሰሪያ የገዛ ሥራቸውን በሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደፈኑበት እጅ እንዲህ ሲታዘዝ ያስቃል። የመጀመሪያዋ ጠብታ በረንዳው ላይ ጠብ ስትል ሳያስቡት ጨርቅ አነሡ። «ተወው፣ ይፍሰስ» ተባሉና ተዉት። ለጎረቤቷ ልብስ ሲሉ ግን ከየባልዲው ሥር ዝርግ ሳህን አደረጉ፤ ይህንን እትዬም አልተቃወሙ። ከሰባቱ የተረፉት አንድ ቃሪያና ሁለት እንጆሪ ናቸው። ችግኝ ሻጯ ታሪኩን ስትሰማ ሳቋን ማቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሲያልፍላት «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ቀዳዳው ምን እንደሚሠራ ልነግርዎ ይገባ ነበር» ብላ ሌላ ችግኝ መርቃ ሰጠቻቸው። ጋሽ ጠብአይል እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። የሚያመሰግኗት ስለ ችግኙ መስሏታል።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ቀን የሚጀምረው በረንዳ ላይ ነው። መደገፊያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ በየባልዲው ጣታቸውን ይከታሉ፣ ቲማቲሙን ከዘንግ ጋር ያስራሉ፣ የሰላጣውን የዳር ዳር ቅጠል ይቀጥፋሉ። ምሳ ላይ የገዛ ሰላጣቸውን ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ፊዚዮቴራፒስቷ በረንዳ ላይ ስታያቸው አገላብጣ ሳመቻቸው። ስትወጣ ግን «ደረጃው ነው የቀረን» አለች።

«ደረጃ ምን ይሠራልኛል? ያለኝ ሁሉ እዚህ አለ» አሉ እትዬ።

ጋሽ ጠብአይል አልተከራከሩም። በተሰጣቸው ማመስገን ይሻላል ብለው ለራሳቸው ነገሩት። ቢሆንም እትዬ በወንበር ከወጡ ጀምሮ መሬት አልረገጡም፤ እሳቸውም በየቀኑ በዚያ ደረጃ ብቻቸውን ሲወርዱ ብቻቸውን ሲወጡ ይከፋቸው ነበር።

ቲማቲሙ መቅላት በጀመረበት ሳምንት ጋሽ ጠብአይል የሕንፃውን የውሃ ታንከር ሊያዩ ጣሪያ ላይ ወጡ። ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ አስቸግሮ አቆያቸው። ሲመለሱ የቤቱ በር ክፍት ነው። አልጋው ባዶ ነው። በረንዳው ባዶ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከፈቱ፤ እሱም ባዶ ነው። መደገፊያው በሩ ጥግ ቆሟል። «እትዬ!» ብለው ጮኹ፤ የመለሰላቸው የለም።

ከታች ግን ሳቅ ይሰማል። የብዙ ሰው ሳቅ ነው። በሳቁ መሃል ደግሞ አንድ የሚያውቁት ድምፅ አለ።

እየሮጡ ወረዱ። የመጨረሻው ደረጃ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እትዬ ግቢው ውስጥ የጥበቃው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤት፣ ጥበቃውና ሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ከበዋቸዋል። እግራቸው ሥር ከግቢው ጥግ ክምር የተዘገነ ግማሽ ባልዲ አሸዋ አለ።

«ውሃ ሞልቶ፣ ጋዜጣ አንጥፎ አሳደረው!» ይላሉ እትዬ። «ጠዋት ተነሥቶ ‹ጠብ አይልም› አይለኝም? እኔ ደግሞ እዚያ ዞሬ ተኝቼ፣ ሰውየው ችግኝ ሲያጠምቅ ሰንብቷል ለካ!»

ጥበቃው ሆዱን ይዞ ተንፈቀፈቀ። ጎረቤቷ እንባዋን ጠረገች። «ታዲያ ዛሬ እንዴት ብቻዎን ወረዱ እትዬ? ለምን ጋሼን አይልኩም ነበር?» አለች።

«ካሮት ልዘራ ነው። ካሮት አሸዋ የበዛበት አፈር ይፈልጋል። እሱን ብልከው ሲሚንቶ ቀላቅሎ ነው የሚያመጣልኝ።»

ጋሽ ጠብአይል ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጣልቃ አልገቡም። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ሰሙ፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ትንሽ ይጨምሩ፣ ገና ሲሊኮኑን አልተናገሩም ብለው በሆዳቸው እስከ መመኘት ደረሱ።

ሰው ሲበተን እትዬ አዩአቸው። «አንተ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ና ባልዲውን ያዝ። መውረዱን የደረጃውን ብረት ይዤ ወርጃለሁ፤ መውጣቱን አላሰብኩበትም።»

«ቸኩለን የት ልንደርስ ነው?» አሉ ጋሽ ጠብአይል።

በአንድ እጃቸው አሸዋውን ያዙ፣ በሌላው ክንዳቸው ላይ እትዬ ተንጠለጠሉ። አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ። ሌላ ይወጣሉ፣ ይቆማሉ። በየደረጃው የጋሽ ጠብአይል ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ተመስገን ይላሉ፤ እግር ሲነሣ ተመስገን፣ እግር ሲያርፍ ተመስገን።

«ምን ታጉረመርማለህ?» አሉ እትዬ ትንፋሻቸውን ሰብስበው።

«ደረጃውን እየቆጠርኩ ነው።»

«ስንት ደረስን?»

ጋሽ ጠብአይል ዞር ብለው ያለፉትን ደረጃ ከታች ወደ ላይ በዓይናቸው ቆጠሩ።