በዘነበች ፈንታ የወጣሁባቸው ቀብሮች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አቶ ሳምሶን ቦርሳ ሰጠኝና ሦስት ነገር ከለከለኝ። ነጭ ጋዋን እንዳልለብስ፣ የማኅበሩን መኪና ከታማሚ ደጃፍ እንዳላስቆም፣ የበሽታውን ስም ሰው ፊት እንዳልጠራ። «ሰፈርተኛው ካወቀ የተከራየው ቤቱን ያጣል» አለኝ። በዚህ ትክክል ነበር። ሰውዬው ትክክል የነበረበትን ቦታ መጻፍ ተገቢ ስለሆነ አስቀድሜ ጻፍኩት። ብዙ ቦታ አይወስድም።

ጊዜው የሰማንያዎቹ ማብቂያ ነው። ክፍለ ከተማ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ከፍተኛና ቀበሌ ነበር። የማኅበራችን ቢሮ ነፋስ ስልክ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። እኔ ከዚያ በፊት የፋብሪካ ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ ያስወጡኝ ያውቃሉ። እዚህ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ሥራዬ ነው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሳምሶን ነበር። ከእሱ ሥር እኔ አስተባባሪ፣ ከእኔ ሥር የቤት ለቤት ተንከባካቢዎቹ። በደብዳቤዬ ላይ አስተባባሪ ልባል እንጂ እኔም እንደ ልጆቹ ቦርሳ ተሸክሜ በየቤቱ እዞር ነበር።

ቦርሳው ውስጥ ጓንት፣ ፋሻ፣ የላስቲክ አንሶላ፣ ሳሙናና በረኪና አለ። በረኪናውን በውሃ አቅጥነን ደም የነካውን ጨርቅ እንዘፈዝፋለን። መኝታ ያቆሰለውን ጀርባ እናጥባለን። ራሱን ማዞር ያቃተውን እናገላብጣለን። አስታማሚ ካለ ይህንኑ እናስተምረዋለን። ዛሬ የሚዋጠው መድኃኒት ያኔ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ስለዚህ የምናስታምመው ሰው እንደሚሞት እናውቃለን፤ እሱም ያውቃል። የሚያስጨንቀው ማን እንደሚቀብረው ነበር።

ዘነበች መካኒሳ፣ ከአንድ ጠጅ ቤት ጓሮ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ወጣትነቷን ቡና ቤት ሠርታ ጨርሳለች፤ በኋላ አረቄ ትቸረችር ነበር። ፊቷ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶ ጠባሳ ጥሎባት ሄዷል። በዚያ ዘመን ያን ጠባሳ ያየ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት አይጠይቅም።

መጀመሪያ ቤቷ የገባሁ ቀን ቦርሳዬን እያየች «እትዬ፣ ሐኪም ነሽ ወይስ ቀባሪ?» አለችኝ።

«አጣቢ ነኝ። ጀርባሽን አዙሪ።»

«በዚህ ሰፈር አዙሪ ያለኝ ሁሉ ከፍሎ ነው።»

እሷ ሳቀች፤ ሳሉ አቋረጣት። እኔም ሳቅሁ። ሥራዬ ላይ ብዙ ስቄ አላውቅም።

አጥቤያት ስጨርስ የምትፈልገውን ነገረችኝ። ዘመድ የላትም። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ማዘጋጃ ቤት ያነሳዋል፤ ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቀስተኛ ይቀበራል። እሷ ይህ እንዳይደርስባት ብላ ነው ለሰፈሩ እድር ዓመታት ሙሉ ስታዋጣ የኖረችው። «እህል ባጣ ግድ የለኝም» አለችኝ፤ «ማዘጋጃ ቤት ብቻ አይቅበረኝ።»

ችግሩ የእድሩ ደንብ ነበር። ያለ ምክንያት ከቀብር የሚቀር አባል ይሰረዛል። ዘነበች አቅም አንሷት፣ ጠባሳዋንም አፍራ፣ ከቀብር ቀርታለች። ታምሜያለሁ ብትል በቂ ምክንያት ነው፤ ግን እድሩ ጠያቂ ይልካል፣ ጠያቂው ፊቷን ያያል። ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ስሟ ሊሰረዝ መሆኑን ሰማች።

የእድሩ ዳኛ ባሻ ወርቁ የሚባል ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። አንቱ የሚያሰኝ ዕድሜ ነበረው። እኔ ግን እሱ እያልኩ ነው የምጽፈው። ያኔም ፊት ለፊቱ እርስዎ ስለው እሱ አንቺ ይለኝ ነበር፤ ተበዳድረን አንቀርም።

አንድ እሑድ በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ከኮሚቴዎቹ ጋር ቆሞ አገኘሁት።

«ባሻ፣ ዘነበች ንቃችሁ አይደለም የቀረችው። ደክሟት ነው።»

«ምን ሆና?»

«ደክሟታል።»

«አገር የሚያውቀውን አንቺ ትደብቂኛለሽ? ሴትዮ፣ ደንብ ደንብ ነው። ቀብር ያልወጣ ይሰረዛል። መውጣት ያልቻለ ወኪል ይልካል። ትላክ እንግዲህ።» ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ለቡና ቤት ሴት ማን ሊወከልላት ነው? ደንበኞቿ?»

ሳቁ። ሳቃቸው እስኪበርድ ጠበቅኩና «እኔ» አልኩ። «ወኪሏ እኔ ነኝ።»

«አንቺ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለሽም።»

«ወኪል የሰፈር ሰው ይሁን የሚል ደንብ አለ?»

ባሻ ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው መሬት መሬት እያየ «እንደሱ አይልም» አለ። ባሻ በሰው ፊት የተናገረውን ማጠፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ያን ዕለት የጠቀመኝ ኩራቱ ነው።

ለአቶ ሳምሶን በማግስቱ ነገርኩት። በዚያ ሰፈር ቀብር ሲኖር ከሥራ መውጣት እንደሚያስፈልገኝ አስረዳሁ።

«ለቅሶ መድረስ የሥራ ድርሻሽ ውስጥ የለም» አለኝ። «የእኛ ሥራ የመብት ቅስቀሳ ነው።»

«ቅስቀሳው የት ነው የሚካሄደው?»

«አውደ ጥናት ላይ። ከሚመለከታቸው አካላት ጋር።»

«ዘነበች አውደ ጥናት ላይ አትቀበርም።»

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ስሜታዊ እየሆንሽ ነው።»

የቀረሁበትን ሁሉ ከዓመት ፈቃዴ ቀነሰው። እኔም ነጠላዬን ከቦርሳዬ ጎን አንጠልጥዬ መሄድ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀብር የአንድ አናጢ ነበር። በሕይወቱ አይቼው አላውቅም። ከቀብር መልስ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ ባሻ ቆሞ ስም ይጠራል፤ የእድር ወግ ነው። ለእያንዳንዱ ስም «አለ» ወይም «አለች» የሚል ድምፅ ይመለሳል። «ዘነበች በየነ» አለ።

«አለች» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። ከእነሱ መሀል የዕቃ ቤቱ ኃላፊ እማማ ደስታ ነበሩ፤ ባሻን ራሱን ልጅ ሳለ የሚያውቁት አሮጊት ናቸው።

«ሟቹን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ምን ልታለቅሺ መጣሽ?»

«አላለቀስኩም እማማ። ተቀምጫለሁ።»

«ስትቀመጪማ አየንሽ። ተነሽና ሳህን እጠቢ።»

ተነሳሁ። ለእኔ ለብቻዬ መዘፍዘፊያ አቀረቡልኝ፤ እኔ ያጠብኩትንም ለይተው ደረደሩት። አልተከራከርኩም። ክርክር ለአውደ ጥናት ነው። አጠብኩ። በሚቀጥለው ቀብርም፣ ከዚያ በኋላ ባሉትም እንዲሁ አደረግሁ። ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ረግጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ቀበርኩ። ለዘነበች ማምሻዬን ሄጄ እነግራታለሁ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተጣላ፣ ንፍሮው ምን እንደሚመስል ትጠይቀኛለች።

«ስሜን ሲጠራ ባሻ ፊቱ እንዴት ነው?»

«ኮሶ እንደጠጣ።»

«እሰይ። ነገም ሂጂበት።»

አንድ ቀን እማማ ደስታ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ነገር በሳህን ይጋባል?»

«አይጋባም።»

«ሐኪም ሁሉ እንዲህ ይላል። አንቺ ከሷ ጋር ትበያለሽ?»

«ዛሬ ምሳዬን የበላሁት ከእሷ ጋር ነው።»

እጄን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። ከዚያ የእኔን መዘፍዘፊያ አንስተው ውሃውን ደፉትና ከእነሱ ዘንድ እንዳጥብ ጎተቱኝ። በጉዳዩ ላይ ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

ይህን ያዩ ተንከባካቢዎቼም በለቡና በጎፋ ለሚያስታምሟቸው ሰዎች እንዲሁ ማድረግ ጀመሩ። ጠዋት ቢሮ ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ቀብር ያለባት ማናት?» ሆነ። አቶ ሳምሶን በሩን ይዘጋ ነበር።

ጠቅላላ ስብሰባው ደረሰ። ባሻ የሚሰረዙትን አነበበ። ዘነበች የለችበትም። ስሟን ሊያስገባበት የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ወኪሏ ከሆንኩ ወዲህ አንድም ቀብር አላመለጣትም።

ዘነበች የሞተችው ከስብሰባው በኋላ፣ አንድ ጠዋት ነው። እኔና ከተንከባካቢዎቼ አንዷ ጓንት አድርገን አጥበን ገነዝናት። ወዲያው ከባሻ መልእክት መጣ፤ ድንኳኑ ይወጣል፣ ሳህንና ብርጭቆው ግን ይቅር፤ የሕዝብ ዕቃ ነው፣ ከእንግዲህ ማን ይበላበታል የሚል። ሳህን ያልወጣበት ድንኳን ምን እንደሚነግር የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባዶ እጁን የተቀመጠ ለቀስተኛ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ይረዳል። ስትደብቀው የኖረችውን በሬሳዋ ላይ ሊለፍፍባት ነው።

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድኩ። ባሻ በሩ ላይ ቆሟል። እማማ ደስታ ቀድመውኝ ደርሰዋል።

«ወርቁ፣ ዞር በል» አሉት። ባሻ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም።

«እማማ፣ ለሕዝቡ ጤና ብዬ ነው።»

«ይሄን ሳህን አጥቤ የማስገባ እኔ ነኝ። አንተ አንድ ቀን ውሃ ነክተህበታል? የእሷ ወኪል ስታጥበው ከርማ በልተህበታል። ሞትክ?»

ባሻ ከበሩ ዞር አለ። ቁልፉ በእሳቸው መቀነት ጫፍ ነበር። ከፍተው ገቡ፣ የመጀመሪያውን ሳህን ክምር አሸከሙኝ።

ዘነበች ተቀበረች። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከቀብር መልስ ባሻ ለስም ጥሪ ተነሳ። በወጉ የሟች ስም ይዘለላል። እሱ ግን ለምዶበት አንዱን ከሌላው አስከትሎ ሲጠራ «ዘነበች በየነ» ብሎ ጠራ።

«አለች» አልኩ። እኔም ለምዶብኝ ነው።

ማንም አልሳቀም። ባሻ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ቀጣዩን ስም ጠራ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ እድር በዚህ በሽታ ሰበብ የተሰረዘ ሰው አላውቅም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ሆቴል አዳራሽ አውደ ጥናት ተደረገ። አቶ ሳምሶን መድረክ ላይ ቆሞ «እድሮችን ያሳተፈው የማኅበራችን ዘዴ» እያለ አብራራ። እኔ በሩ አጠገብ እስክሪብቶ አድል ነበር። አንዲት እንግዳ ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቀች።

«የአመራሩ» አለ።

እጄን አወጣሁ። «አቶ ሳምሶን፣ እርስዎ ስንት ቀብር ወጥተዋል?»

«የእኔ ድርሻ አመራር መስጠት ነው።»

«ስንት ቀብር ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

የሻይ ሰዓት መድረሱን አስታወቀ። በዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ አልቆየሁም። እንዴት እንደለቀቅኩ አልጽፍም፤ እሱ ሲያነበው ያስታውሰዋል።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። ስለ ታማሚው መናገር ከመጀመራችሁ በፊት በሰፈሩ ቀብር ውጡ፤ ስሙ እስኪጠራ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ሲጠራም «አለ» በሉ፤ ከዚያ ሳህን እጠቡ።