መብራት ሲመጣ የሚጠፋ ኔትወርክ

ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ እንግሊዝኛው ጋ አልደረስኩም። ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ሚስቴ ናት። እሷም አማርኛ ትተይባለች እንጂ የፈረንጁ ጽሑፍ አይገባትም።

ያ ኮምፒውተር ክፉ ዐመል ነበረው። ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ኔትወርክ የለም፤ አንድም ገጽ አይከፍትም። ቴክኒሻኑ ይመጣና አንድ ሁለት ቦታ ይነካካል፣ ይሠራል። ምን እንዳደረገ ሲጠየቅ ይስቃል። ሙያውን ቢያሳየን ማን ይጠራዋል? ስለዚህ ማሽኑን አናጠፋውም ነበር፤ በርቶ ያድራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አታት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ መጣች። ትምህርቷን ለማሻሻል የመግቢያ ፈተና ልትመዘገብ ነው፤ ቀኑ የመጨረሻው ነው። በስልኳ ሞክራ ፋይሉ አልገባ ብሏታል። ወረቀቶቿን ስካን አድርገን ልንልክ ስንል መብራት ሄደ። ቆይቶ መጣ። ማሽኑ ተነሳ፣ ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ቀረ።

"እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር?" አልኳት ነርሷን።

"ተረኛ ነበርኩ፣ ጋሼ። በሽተኛ ጥዬ ልምጣ?"

ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁት። ማሽኑን እንደገና አስነሳሁት። ቴክኒሻኑ ጋ ስደውል፣ "ቡታጅራ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ነገ" አለ። ሚስቴ ደግሞ ቀን ታስተካክላለች። ማሽኑ ሲነሳ ሁልጊዜ የማይሆን ቀን ይዞ ነው የሚነሳው፤ እሷ የተዛነፈ ነገር አትወድም።

"ቀኑን ተዪውና ኔትወርኩን ፈልጊ" አልኳት።

"አንተ ገመድህን ጎትት።"

ነርሷ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አነበበች። "ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ስለቀረ ገጹን አልከፍትም ነው የሚለው። ዓመቱን ከየት አመጣችሁት?"

ሚስቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አሳየቻት።

"ይሄማ የኛ ነው፣ እትዬ። ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። በዚህ ከሄደ ሰባት ስምንት ዓመት ኋላ ቀርቷል።"

"እኔ አገሬ ቁጭ ብዬ በፈረንጅ ልቁጠርለት?"

ነርሷ ስልኳን እያየች ቀኑን ቀየረችው፣ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። የቴክኒሻኑ ጥበብ ሁሉ ይቺ ነበረች። ነርሷ ግን ስክሪኑን ደግማ አነበበች።

"ምዝገባው ተዘግቷል ይላል" አለች።

"ገና መቼ መሸ?" አለች ሚስቴ።

"ቢሮ ሲዘጋ አብረው ይዘጉታል።"

አንዴ ደግሞ እንድትሞክርላት ሚስቴን ጠየቀቻት፤ ሞከረች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠየቀቻት፤ ሞከረች። ያው ነው። ወረቀቶቿን ሰብስባ ፌስታል ውስጥ ስትከት፣ ሚስቴ "አይዞሽ፣ ለከርሞ ነዋ" አለቻት።

"ለከርሞ የዕድሜ ገደቡ ያልፈኛል" አለች። የአታት ሚኒባስ ረዳት ይጣራ ስለነበር ቻው እንኳ ሳትለን ወጣች።