ቅቤና በረኪና

ሀፊዛ ጠዋት ጠዋት የሱቋን በር ከመክፈቷ በፊት ከብርጭቆ ውስጥ የጣቷን ጫፍ ያህል ለጋ ቅቤ ታነሳለች። በሁለት ጣቶቿ አሽታ ታለሰልሰውና በመስኮቱ ሥር በቆመው የሎሚ ቅርንጫፍ ላይ የተጣበቀችውን እስስት ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ትቀባታለች። እስስቷ አንድ ዓይኗን ወደ ሀፊዛ፣ ሌላውን ወደ መንገዱ አዙራ ዝም ብላ ትቀባለች።

ቅቤውን ማንም አልመከራትም። ከቆላው ከአልዩ አምባ ወደ ብርዳማው ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ቆዳው ይመሰክርበታል። ሀፊዛም በመጣችበት ዓመት ተረከዟ ተሰንጥቆ ደም ያወጣ ነበር፤ የባሏ የአብዱልሀሚድ ከንፈር እንደ ደረቀ ጭቃ ይላላጥ ነበር። ያዳናቸው ቅቤ ነው። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ የእስስቷ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ሲጀምር መድኃኒቱ ከእጇ አልራቀም።

እስስቷን ከአልዩ አምባ ያመጣት አብዱልሀሚድ ነበር። በብርቱካን ካርቶን ውስጥ ቅጠል ላይ ተጣብቃ አገኛትና ሊጥላት አልሆነለትም። ሎሚ፣ ብርቱካንና ዝንጅብል በሚሸጡበት ሱቅ ዝንብ እየለቀመች ኖረች። አብዱልሀሚድ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ሞተ። ከእጁ የቀረላት ነፍስ ያለው ነገር እሷ ብቻ ነበረች።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ በግድግዳ የሚዋሰናት ፀጉር አስተካካዩ ባየው አንድ ቃል ተናገረ። እስስት ቤቱ ያስገባ ሰው ምን ይጠብቃል አለ፤ ቀለሟን በቀየረች ቁጥር የሚሞተውን እየመረጠች ነበር አለ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ሀፊዛ ከመጋረጃው ማዶ ሆና ሳቁን ሰማች። ፀጉር ቤት ወሬ የማይደርቅበት ቦታ ነውና ቃሉ በባየው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ሁሉ ጋር ወጣ። ብርቱካን ይገዙ የነበሩ ሴቶች መንገዱን ተሻግረው ማለፍ ጀመሩ።

ለሰፈሩ ሽማግሌ ለጋሽ ወልደ ሰንበት ነገረቻቸው። የለቅሶ ቤት ወሬ ምስክር አይቆምለትም፣ ተይው አሏት። ባየው ራሱ ረስቶታል። በየጠዋቱ፣ “እትዬ ሀፊዛ፣ እንዴት አደሩ?” ይላታል፤ ከልቡ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ ሀፊዛን ግን ከመወጋቱ ይልቅ ያቃጠላት የእሱ መርሳት ነበር። ሰላምታውን ትመልሳለች፣ ጊዜዋንም ትጠብቃለች።

ኅዳር ላይ ጊዜው መጣ። ባየው አንድ ቅዳሜ የጋራ በረንዳቸውን በበረኪና አጠበ። ቅርንጫፉ ከነእስስቷ ፀሐይ እንዲነካው በረንዳው ጫፍ ላይ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ የእስስቷ ጀርባ በነጫጭ ነጥብ ተሞልቶ፣ ጎኗ ጠቁሮ፣ የእግሯ ጣቶች አብጠው ተገኙ። ሀፊዛ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ግን ብዙ አልቆየም። የበረኪናው ሽታ ሰፈሩን ሁሉ ያስነጠሰ ነበር። በመጨረሻ ባየው ምስክር ያለው ነገር ሠራ።

ሀፊዛ ከሰሰችውና ሽማግሎቹ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ካሣ አልጠየቀችም።

“በሚያምንበት ይማልልኝ” አለች። “አንዲት ጠብታ አልነካኋትም ይበል። ሌላ አልፈልግም።”

“ለእንሽላሊት ነው የምምለው?” አለ ባየው እየሳቀ።

“ለሰው ነው የምትምለው” አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት። “ካልነካሃት ምን ያስቸግርሃል?”

ባየው እጁን አነሳ። ከዚያ አወረደው። ውኃውን በመጥረጊያ ሲበትነው የትኛው ጠብታ የት እንዳረፈ አያውቅም፤ በማርያም ስም ደግሞ በማያውቀው ነገር የሚምል ሰው አልነበረም። ሳይምል ተነሳ። አለመማሉን ያየ ሁሉ የየራሱን ፍርድ ይዞ ሄደ።

የዚያኑ ቀን ሀፊዛ ሎሚ ልትገዛ ለመጣች አንዲት ሴት፣ ባየው ምላጩንስ በምን እንደሚያጥበው ማን ያውቃል ብላ ጠየቀቻት። ይህን ለሌላ ሰው አልደገመችም። መድገም አላስፈለጋትም። እስከ ረቡዕ የባየው ወንበሮች ባዶ ሆኑ፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ በንጹሕ ፎጣ መስተዋት ሲወለውል ይውል ጀመር። ሀፊዛ በርጩማዋን እሱን በደንብ ወደምታይበት አዞረች። ሽማግሎቹም ስላልማለ በሚመጣው እሑድ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቃት ወሰኑ።

ዓርብ ዕለት ሀፊዛ እስስቷን በዘንቢል አድርጋ፣ በሻርፗ ሸፍና፣ የከብት ሐኪሟ ዶክተር ማስተዋል ዘንድ ወሰደቻት። የፈለገችው በረኪና የሚል ወረቀት ነበር። ወጣቷ ሐኪም ከበግና ከከብት በቀር እምብዛም እንዳላከመች አልደበቀችም፤ ስልኳን ከፍታ ብዙ አነበበች፤ በማጉያ መነጽር እያንዳንዱን ጣት አየች። ከዚያ የእስስቷን ጀርባ በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

“ምን ቀብተዋት ነው?”

“ቅቤ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ። ይሄ የበረኪና ነው፣ አይደል?”

“በረኪና ቢሆን ቆዳዋ ይቆስል ነበር፤ ዓይኗም አይተርፍም። ይሄ ቁስል አይደለም፣ እትዬ። መውለቅ ያቃተው አሮጌ ቆዳ ነው።”

እስስት ቆዳዋን በቁራጭ በቁራጭ ነው የምትጥለው አለቻት፤ ነጩም የሚነሳው ቆዳ ነው። ለዚያ እርጥበት ያስፈልጋታል። የደብረ ብርሃን ውርጭና ሱቁ የሚሞቅበት የከሰል ምድጃ አድርቀዋታል፤ ጥቁረቱም ከብርዱ ነው። ቅቤው ደግሞ ውኃ እንዳይደርሳት አግዶ አሮጌውን በአዲሱ ላይ አጣበቀው። ጣቶቿ ላይ የቀረው ቆዳ እንደ ክር አንቋቸዋል፤ ሁለቱ ላይተርፉ ይችላሉ። ቅቤውን በለብ ያለ ውኃ አጥቦ ማስለቀቅ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ውኃ መርጨት ነው።

“በወረቀት ልጻፍልዎት?”

“አያስፈልግም” አለች ሀፊዛ። “ሰምቻለሁ።”

ቤቷ ገብታ እስስቷን በለብ ያለ ውኃ አጠበቻት። ቆዳው እየለሰለሰ ተነሳ፤ ከሥሩም አብዱልሀሚድ በካርቶን ውስጥ ያገኘው አረንጓዴ ወጣ። ሀፊዛ አጎንብሳ ረጅም ጊዜ አየችው። የገዛ እጇ ነው። ሄዳ ለጋሽ ወልደ ሰንበት መናገር ትችል ነበር፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚሉም ታውቃለች፤ እሳቸውም ብዙ ጊዜ ብለዋታል። ሰላቷን ሰገደች፣ ቂሟም አብሯት ሰገደ። ባየው ለድንኳኑ ቃል አንድ ድንጋይ አለበት። ድንጋዩ በየትኛው በር እንደሚገባ መምረጥ የእሷ ሥራ አልነበረም። የቅቤውን ብርጭቆ አጥባ በአፉ ደፋችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

እሑድ ባየው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በረንዳው ላይ ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ የሳቁት ሰዎችም ቆመው ያያሉ። ይቅር ተብሎ ድንጋዩ እስኪወርድ ድረስ ቀና አይባልም። ሀፊዛ በርጩማዋን አውጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻርፗን አስተካክላ ጠየቀችው።

“ለምንድን ነው የተሸከምከው?”

“ለእስስቷ።”

“ለእሷ ብቻ?”

ባየው ከድንጋዩ ሥር ሊያያት ሞከረ። ምን እንደምትጠይቀው አልገባውም። “ለእሷ፣ እትዬ። ሌላ ምን አጠፋሁ?”

ሀፊዛ ወደ ሽማግሎቹ ዞረች።

“ለእስስቷ ይቅር ብያለሁ” አለች።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ድንጋዩን አወረዱለት፣ መረቁም። ባየው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

የፀጉር ቤቱ ወንበሮች ግን አልሞሉም። ጥር ላይ ባየው ሱቁን ለቅቆ ወደ እነዋሪ ሄደ። እስስቷ ሁለት ጣቶቿን አጥታ ዳነች። ባየው ሲሄድ ከሸጣቸው ዕቃዎች መካከል ፀጉር የሚያርስበትን የፕላስቲክ ውኃ መርጫ ሀፊዛ ገዛችው፤ አሁን ጠዋትና ማታ እስስቷን የምትረጫት በእሱ ነው።