ሁለቴ የሚጠበስ ድንች

ድንች የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ያንን «ጭስስ» የሚለውን ድምፅ ስሰማ፣ ይገርምሻል፣ ዛሬም ጆሮዬ ወደ ሳሎን ይሄዳል። ሳሎን ውስጥ ያለው አባቴ ብቻ ነው፤ እናታችን ካረፈች ወዲህ እዚህ ማርቆስ ከተማ ከእኔ ጋር ይኖራል። ዳዊቱን ይደግማል። እኔ ግን ጭልፋዬን እንደያዝኩ የሽማግሌዎች ጉርምርምታ የምሰማ ይመስለኛል። እህቴም ከጎኔ ቆማ «ዝም በይ እስኪ! ምን አሉ?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ታላቅ እህቴ ከቤሩት ለእረፍት የመጣች ጊዜ ነው። «የሰው ልጅ ከዓረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ የእኔዋ የድንች አጠባበስ ይዛ መጣች» እያለች እናቴ ትስቅባት ነበር። እውነቷን ነው። እህቴ ድንቹን በጣት ውፍረት ትከትፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች። ውሃው እስኪጠራ ደጋግማ ታጥበዋለች። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ታደርቀዋለች፤ እርጥብ ድንችና ዘይት ጠበኞች ናቸው ትል ነበር። መጀመሪያ በለስላሳ እሳት ሳይቀላ ታወጣዋለች። ሲቀዘቅዝ ከሰሉን አራግባ፣ ዘይቱን አግላ እንደገና ትጨምረዋለች። ያን ጊዜ ወርቅ መስሎ ይወጣል፤ የጓዳው ሽታ እስከ አጥሩ ድረስ ይሄዳል።

አባቴ ደብረ ወርቅ የተማረ መሪጌታ ነው። ለእሱ ድንች ማለት ጎተራ ሲራቆት ነሐሴን የሚያሻግር ነገር እንጂ ለሰው የሚቀርብ ምግብ አልነበረም። የመጀመሪያዋን ሲኮረሽም ግን ማኘኩን አቆመ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ድንች ነው አባ።»

«ድንች እንዲህ አያደርግም» አለና ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው።

እህቴ ከመሄዷ በፊት የሚወዳት አንድ ልጅ ነበር፤ የሉማሜ መስመር የሚኒባስ ሹፌር። ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቋታል። ሽማግሌ እልካለሁ ሲላት ማታ አልጋችን ላይ ሆና «ከሰጡኝ አልመለስም። እዚሁ እቀራለሁ» አለችኝ። እጇን ያዝኳት። እዚያ ምን እንዳሳለፈች አልነገረችኝም። መመለስ እንደማትፈልግ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጾም ስለሆነ ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ። «ችፕስ አቀርብላቸዋለሁ» ብላ ከጠዋት ጀምራ ስትልጥ አረፈደች። በውጭ ብዙ ከመቆየቷ የተነሣ አንድ ነገር ረስታ ነበር፤ እኔም በደስታዬ አላስታወስኳትም። ትኩሱን ሳህን ይዛ ስትገባ ትልቁ ሽማግሌ ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልን ልጄ። ጉዳያችን ሳያልቅ ግን እህል አንቀምስም» አሉ። ለካ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይበላም! ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እኛ ከጓዳው በር ኋላ ተለጥፈን ቆምን።

ነገሩ ረዘመ። ዘር ተቆጠረ፣ ምርቃት ተደረገ፣ በመጨረሻ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሴት ልጅ በአንድ ጉዞ አትገኝም። ከዘመድ ልምከርበት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሱ።»

እምቢ ማለቱ አልነበረም። እምቢ የሚል አባት ሽማግሌን እስከ በር አይሸኝም፤ እሱ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። የእህቴ አውሮፕላን ግን ከትንሣኤ በፊት ነበር። ይህን በእናቴ በኩል ብታስነግረው «በመጀመሪያው ቀን ከሰጠሁ ሰው ምን ይላል? ልጅቷ ተርፋበት ነው ይላል» አለ። ሴት ልጁን ማስከበሩ ነበር፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

እናቴ ጓዳ ገብታ «አይዞሽ፣ አንቺስ ድንቹን ሁለቴ አይደል የምትጠብሺው? እነሱም ሁለተኛ ይመለሳሉ» አለቻት።

«እሳቱ ካለ ነዋ፣ እማ» አለች እህቴ። ከቀዘቀዘው ሳህን አንዷን አንሥታ ነከሰች። ድምፅ አልነበራትም። «ለሰለሰ» አለችና የቀረውን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደተባሉት ተመለሱ። አባቴም እንደ ቃሉ ልጁን ሰጠ፤ ልጅቷ በሌለችበት ቤት። ዕለቱን ስንደውልላት «እሺ አባ፣ ኮንትራቴን ልጨርስ» አለችው። ድምጿ እንደ እንግዳ ሰው ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስልኳ ጠፋ። ከቤሩት የሚመለሱትን ሁሉ ጠየቅን፤ ያያት የለም። ሹፌሩም ጠብቆ ጠብቆ አገባ፤ አልፈርድበትም።

አሁንም አንዳንዴ አባቴ «እስኪ ሞክሪያት» ይለኛል። ቁጥሯን እደውላለሁ። አንዲት ሴት በዓረብኛ ተናግራ ትጨርሳለች።

«ምን አለች?» ይላል።

«አልገባኝም፣ አባ።»

ያኔ ይተክዝና ድንች ጥበሺልኝ ይለኛል፤ እንደ እሷ፣ ሁለቴ። ዛሬም ጠብሼ አቀረብኩለት። ጥርስ የለውም፤ መኮርሸም አይችልም። ለስላሳውን ልስጥህ ስለው ግን እምቢ ይላል። አንዷን አፉ ውስጥ ይከትና እስክትለሰልስ ይጠብቃል። አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው እጠብቃለሁ።