ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደምርበት

ጋሼን የማስታውሳቸው በድምር ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቦንጋ ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም ሴልሺየሱን ወደ ኬልቪን መቀየር አልተዉም። ሰው ዲግሪ በጠራ ቁጥር «ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ደምርበት» ይላሉ። አንድ ጊዜ አተኩሶኝ ነርሷ «ሠላሳ ዘጠኝ» ስትል፣ እሳቸው ደምረው «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገብቷል» አሉ። እናቴ እዬዬዋን አቀለጠችው። ሚስታቸው እትዬማ «እኚህ ሰውዬ በቁጥር ሊጨርሱን ነው» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተነጫነጩ።

በጋሼ ሠልስት ዕለት ዝናቡ የለቅሶውን ድንኳን ሲደበድብ፣ አንድ ጎረቤት ስልኩን አይቶ «አሥራ አራት ዲግሪ ነው» አለ። ሁላችንም ድምሩን ጠበቅን፤ የሚደምር የለም። እትዬ ነጠላቸውን ከፊታቸው ሳያነሱ፣

«ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት» አሉ።