ባለ ቀዳዳው ሚካኤል

ልጅ ሆኜ የመላእክትና የቅዱሳን ሥዕል ያለባቸውን ትንንሽ ካርዶች እሰበስብ ነበር። ደባርቅ ውስጥ የእኔን ያህል ያለው አልነበረም፤ የነካብኝን እንደ ድመት እቧጭራለሁ። ታላቅ ወንድሜ "ይሄ መንፈሳዊነት ሳይሆን ስስት ነው" ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው።

ቀበሌው ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምለው እናቴ ከካርዶቼ ውስጥ ሚካኤልን አወጣች። አላስፈቀደችኝም። በኮቱ ገበር ውስጥ፣ በልቡ በኩል፣ ዙሪያውን በአረንጓዴ ክር ሰፋችው። በዚያ ዘመን ልጇን የሸኘች እናት ብዙዋ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ከላይ ከታየ ካድሬው ያስወልቀዋላ። ደብዳቤው ለጥቂት ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡ ሽማግሌ ሸራ ላይ ሁለት ሚካኤል አየሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ሰይፉ ያብለጨልጫል። ሌላው ዙሪያውን በመርፌ ተወግቷል፤ አንዱ ቀዳዳ ላይ አረንጓዴ ክር ቀርቷል። ላብ መልኩን አጥቦት የእኔ ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ።

"አዲሱን ውሰጂ፣ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ያኛው ከኮት ገበር የፈታሁት ነው።"

"የማን ኮት ነው፣ አባባ?"

"ኮት ስም አለው? ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የመጣ ነው፤ እሱም ተሸጠ።"

ርቦት ሸጦት ይሆናል አልኩ ለራሴ። አረንጓዴ ክር ያላት እናቴ ብቻ አይደለችም አልኩ። መርዶ በሽማግሌ አፍ በማለዳ ይነገራል እንጂ ልጅ ከገበያ ይዛው አትገባም። ትቼው ስሄድ ደግሞ ወንድሜን ልባሽ መሃል ጥዬው የሄድኩ መሰለኝ። አንዱን አነሳለሁ፣ ሌላውን አስቀምጣለሁ። በመጨረሻ አዲሱን ገዛሁ።

እናቴ ካርዱን ተቀበለችኝና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"ባለ ቀዳዳው አሁንም አለ?" አለችኝ።

ደነገጥኩ። "አለ፣ እማ።"

"ቅዳሜ ቅዳሜ አየዋለሁ። እጄን ልኬ አላውቅም። እኛ እስካላነሳነው ድረስ ልጄ አለ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄድን። ባለ ቀዳዳው የለም። "ከተራራው፣ ከጊች የወረደች አንዲት ሴት እያለቀሰች ወሰደችው፤ የልጄ ነው አለች" አሉን ሽማግሌው። እናቴ "ተመስገን!" ብላ ጮኸችና ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። እንዲያ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

ወንድሜ አልተመለሰም፤ መርዶውም አልመጣም። እናቴ ድንኳን ሳትጥል፣ ከል ሳትለብስ አረጀች። እኔ ግን ያቺን ሴት ሳስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ምናልባት የእኛን ልጅ አልቅሳልን ይሆናል።